ሳጥንና ሚዛን፦ የግንባታ ዕቃ ይዘትና ክብደት



የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ከሮም ወደ አገሩ ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ ነው የመጣው። ሐውልቱ 24 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱም 160 ቶን ገደማ ነው። እዚያው አክሱም ወድቆ የሚገኘው ታላቁ ሐውልት ደግሞ 33 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ታላቁን ሐውልት ሚዛን ላይ ያወጣ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ድንጋይ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ይለካል፤ ይዘቱ በሜትር ኩብ ይሰላል፤ የዚያ ዓይነት ድንጋይ አንድ ሜትር ኩቡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይታወቃል፤ ከዚያ ሁለቱ ይባዛሉ። አውሮፕላኑ ምን ያህል ይሸከማል፣ ክሬኑስ ይችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁሉ የሚመለሰው በዚህች ማባዛት ነው።

ትንሽም ይሁን ትልቅ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህችኑ ማባዛት ይፈልጋታል። ሲሚንቶ የምንገዛው በኩንታል ነው። አሸዋና ጠጠር በሜትር ኩብ ወይም በቢያጆ ይመጣል። ብረት በኪሎ ወይም በቤርጋ ይሸጣል፤ ውኃ በሊትር ይቀዳል። አርማታው ግን አንድ ነው፤ እነዚህ ሁሉ እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መመለስ ያልቻለ ሰው፣ ገንዘቡ የት እንደገባም፣ ሶሌታው ለምን እንደተሰነጠቀም ማወቅ ያዳግተዋል።

ከቀላሉ እንነሣ። ውኃ አንድ ሜትር ኩቡ 1,000 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ። ቁጥሩ እንዲህ የተስተካከለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ፈረንሳዮች በ1795 እ.ኤ.አ. ግራምን ሲደነግጉ የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውኃን ክብደት መነሻ አድርገው ስለወሰዱ ነው። ብረት አንድ ሜትር ኩቡ 7,850 ኪሎ ይመዝናል። ጥቁር ድንጋያችን፣ ባዛልቱ፣ ክፍተት የሌለበት ከሆነ ከ2,700 እስከ 2,900 ኪሎ ይደርሳል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ኪሎ እፍግታ ይባላል። ይዘቱን በእፍግታው ብታባዙ ክብደቱን፣ ክብደቱን ለእፍግታው ብታካፍሉ ይዘቱን ታገኛላችሁ። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ከአምስተኛ ክፍል ትምህርት አያልፍም።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ፍሬ ፍሬ ሲሆን ነው። በገበያ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ እኩል ክብደት እንደሌላቸው እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ቁናው ነቅነቅ ከተደረገም ሌላ እፍኝ እንደሚጨምር ያውቃሉ። አሸዋና ጠጠርም እንዲሁ ናቸው። ሳጥን ውስጥ የምናየው ከድንጋዩ ፍሬ ጋር በፍሬዎቹ መካከል ያለውን አየር ጭምር ነው። የአሸዋ ፍሬ ራሱ በሜትር ኩብ 2,650 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ደረቅና ያልተጠቀጠቀ የአሸዋ ክምር ግን 1,500 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ አየር ነው፤ ከክምሩ መቶ እጅ ውስጥ አርባ ሦስቱ ባዶ ነው ማለት ነው። የተፈጨ ጠጠርም በክምር ሲለካ ወደ 1,500 ኪሎ ይወርዳል። ለብሎኬት የምንጠቀምበት ፑሚስ ደግሞ ፍሬው ራሱ በውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ኩቡ የአሸዋን ግማሽ እንኳ ላይመዝን ይችላል።

እንግዲህ «አንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም የምጠይቀው አለኝ። ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ተጠቅጥቋል ወይስ አሁን የተገለበጠ ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ቁጥር የሚሰጥ ሰው እየገመተ ነው።

አሸዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ቤቶች ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ። እርጥበት አሸዋን ያሳብጠዋል። በየፍሬው ዙሪያ ስስ የውኃ ሽፋን ይሠራና ፍሬዎቹን አራርቆ ይይዛቸዋል። እርጥበቱ ከክብደቱ በመቶ ከ4 እስከ 6 ሲደርስ ይዘቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ውኃው እየበዛ ሄዶ አሸዋው ሙሉ በሙሉ ሲርስ ደግሞ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ፍሬዎቹም ተመልሰው ይቀራረባሉ፤ ይዘቱ ወደ ደረቁ መጠን ይመለሳል።

ይህን በዓይን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቁረጡት። ከክምሩ መካከል እርጥብ አሸዋ ወስዳችሁ ሳትጠቀጥቁ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሙሉና በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። አሸዋውን ሳህን ላይ ገልብጡት፤ ፕላስቲኩን እስከ ግማሽ ውኃ ሙሉበት፤ አሸዋውን ቀስ እያላችሁ መልሱትና በእንጨት አማስሉት። ሲረጋ ከፍታውን ለኩ። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ አራቱን ለአስራ ስድስት አካፍሉ፤ አሸዋው 25 በመቶ አብጦ ነበር ማለት ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ፎርማን ሁሉ ጠዋት ሚክሰሩ ከመነሣቱ በፊት ይህን ቢያደርግ እወዳለሁ።

አሁን ሳጥኑን እንመልከት። በየሳይቱ የምናውቀው የእንጨት ሳጥን ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 40 ሊትር ይይዛል። ደረቅ አሸዋ ሲሞላበት 60 ኪሎ ይሆናል። ያው ሳጥን በ25 በመቶ ያበጠ አሸዋ ሲሞላበት ግን በውስጡ ያለው አሸዋ የ32 ሊትር ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው፤ 48 ኪሎ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ ብንል፣ በእያንዳንዱ ምት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚቦካው አርማታ ውስጥ፣ 24 ኪሎ አሸዋ ጎደለ። ሳጥኑ አልተለወጠም፤ ቆጣሪውም አልተሳሳተም። አርማታው ግን አሸዋ አንሶት ጠጠሩ አፍጥጦ ይወጣል፤ ፎርምወርኩ ሲነሣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ከአንድ ከረጢት የሚገኘው አርማታም ስለሚያንስ፣ ባለቤቱ ሲሚንቶ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅበት ግራ ይገባዋል። በበጋ ትክክል የነበረ ሳጥን በክረምት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ላዩ ሳይላግ በአካፋ ተቆልሎ ከተሞላ ደግሞ ስሕተቱ በተቃራኒው ይመጣል፤ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ቁልል 6 ሊትር ትርፍ ነው፤ የሳጥኑ 15 በመቶ።

ሲሚንቶን ግን በምንም ምክንያት በሳጥን አትስፈሩ። ለሒሳብ ያህል አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ተብሎ ይወሰዳል፤ በዚህ ስሌት 50 ኪሎ ከረጢት 35 ሊትር ገደማ ነው። ከከረጢት ወደ ሳጥን ሲገለበጥ ግን አየር ይገባበትና ይነፋል፤ ያው 35 ሊትር ሳጥን 40 ኪሎ ላይይዝ ይችላል። አሜሪካኖች ይህን ችግር ቀደም ብለው በከረጢቱ ፈተውታል፤ የእነሱ መደበኛ ከረጢት 94 ፓውንድ የሆነው አንድ ኪዩቢክ ጫማ እንዲቆጠር ተብሎ ነው። እኛም ዘንድ መፍትሔው ያው ነው፦ ሙሉ ከረጢት በአንድ ምት። ግማሽ ካስፈለገ በሚዛን 25 ኪሎ።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። አንድ ሜትር ኩብ ጥሩ አርማታ ውስጥ ምን አለ? አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ ሲሚንቶ 360 ኪሎ፣ ውኃ 180 ኪሎ፣ አሸዋ 710 ኪሎ፣ ጠጠር 1,150 ኪሎ። ድምሩ 2,400 ኪሎ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አርማታ የሚመዝነውም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱን ለፍሬው እፍግታ አካፍሉት። የሲሚንቶ ፍሬ 3,150 ኪሎ ስለሆነ 114 ሊትር ቦታ ይይዛል። ውኃው 180 ሊትር ነው። አሸዋው 268 ሊትር፣ ጠጠሩ 2,750 ኪሎ በሜትር ኩብ ከሆነ 418 ሊትር። ተጠቅጥቆም የሚቀር 20 ሊትር አየር ጨምሩ። አንድ ሺህ ሊትር ሞላ፤ አንድ ሜትር ኩብ። ክብደቱም ይዘቱም በአንድ ሒሳብ ይገጥማሉ፤ እኔ ይህን ስሌት ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

እነዚህኑ ኪሎዎች በገበያ ቋንቋ፣ ማለትም በክምር ይዘት ብንቆጥራቸው ግን ሌላ ነገር ይታያል። ሲሚንቶው ሩብ ሜትር ኩብ፣ አሸዋው 0.47፣ ጠጠሩ 0.77 ሜትር ኩብ ይሆናል። ድምሩ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ውኃ ሲጨመርበትና ሲጠቀጠቅ አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ይወጣዋል፤ አሸዋው የጠጠሩን ክፍተት፣ ሲሚንቶው የአሸዋውን ክፍተት ይሞላዋልና። ለአንድ ሜትር ኩብ ሙሌት አንድ ሜትር ኩብ አሸዋና ጠጠር ገዝቶ የሚጀምር ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ ዕቃ አልቆበት ሙሌቱ መካከል ላይ የሚቆመው ይህን ባለማወቅ ነው። በመካከል የተቋረጠ ሶሌታ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ደካማ ሆኖ ይቀራል፤ ውኃም የሚገባው በዚያ ነው።

ስሌቱን በሥራ ላይ እናውለው። ሶሌታችሁ 10 በ10 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 15 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። በላይኛው ምጣኔ ሲሚንቶው 5,400 ኪሎ፣ 54 ኩንታል፣ 108 ከረጢት። ጠጠሩ 11.5 ሜትር ኩብ። አሸዋው ደረቅ ከሆነ 7.1 ሜትር ኩብ፤ በ25 በመቶ ያበጠ ከሆነ ግን 8.9 ሜትር ኩብ ማስመጣት አለባችሁ። ለሚባክነው በመቶ አምስት ያህል ጨምሩበት። ይህ ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ የማይሞላ ስሌት ከሙሌቱ ቀን በፊት ባለው ምሽት ቢሠራ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

እርጥብ አሸዋ ሌላም ጉዳት አለው፤ ውኃ ደብቆ ይገባል። በላይኛው ምሳሌ 710 ኪሎ አሸዋ በመቶ አምስት እርጥበት ቢይዝ፣ ማንም ሳያየው 35 ሊትር ውኃ ሚክሰሩ ውስጥ ገባ። ሠራተኛው እንደ ልማዱ 180 ሊትር ሲጨምር ድምሩ 215 ሊትር ይሆናል። የውኃውና የሲሚንቶው ምጥጥን ከ0.5 ወደ 0.6 ይወጣል። ዳፍ ኤብራምስ የተባለው መሐንዲስ ቺካጎ ውስጥ በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የአርማታ ጥንካሬ ከምንም በላይ በዚህ ምጥጥን ይወሰናል። ከ0.5 ወደ 0.6 መውጣት የጥንካሬውን አንድ አምስተኛ ያህል ሊወስድ ይችላል። ሲሚንቶው አልተሰረቀም፤ ጥንካሬው ግን ሄዷል። ስለዚህ አሸዋው እርጥብ በሆነ ቀን የሚቀዳውን ውኃ መቀነስ ግድ ነው።

ስለ መኪና ጭነት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚገርመው ስለሆነ። አሸዋው ከላንጋኖም ይምጣ ከመተሐራ፣ 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሲኖትራክ ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ጭነቱ 24 ቶን ነው። በእርጥበት ያበጠ አሸዋ ሲሞላ ግን ከነውኃው 20 ቶን ገደማ ይሆናል። ያው መኪና ከወንዝ የወጣ፣ ውኃው ያልተንጠፈጠፈ አሸዋ ቢሞላ ወደ 31 ቶን ይጠጋል። ገዢው ለሦስቱም የሚከፍለው ለ16 ሜትር ኩብ ነው። ዕቃ ስትረከቡ የመኪናውን የውስጥ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ራሳችሁ በሜትር ለኩ፤ ጭነቱ በመንገድ ላይ ተነቅንቆ ከወረደም፣ የወረደበትን ከፍታ ቀንሱ።

ብረት ላይ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። የብረቱን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፤ ለ162 አካፍሉት፤ የአንድ ሜትሩን ኪሎ ታገኛላችሁ። 12 ቁጥር ብረት 144 ለ162፣ 0.89 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። 8 ቁጥር 4.7፣ 10 ቁጥር 7.4፣ 16 ቁጥር 19 ኪሎ ገደማ። 12 ቁጥር ተብሎ የተሸጠላችሁ ቤርጋ 9.4 ኪሎ ብቻ ከመዘነ፣ 12 በመቶ ብረት ጎድሎታል፤ በዓይን የማይታይ ጉድለት ነው፤ ሚዛን ግን ያገኘዋል። መሐንዲሱ ሒሳቡን የሠራው በሙሉው ብረት ነውና፣ ጎደሎውን ብረት አለመቀበል የባለቤቱ መብት ነው።

እስካሁን ስለ ገንዘብና ስለ ጥራት ነበር የተናገርኩት። አሁን ስለ ሕይወት ልናገር። የ15 ሜትር ኩቡ ሶሌታ ብረቱን ጨምሮ በሜትር ኩብ 2,500 ኪሎ ስለሚታሰብ 37.5 ቶን ነው። በተሞላበት ሰዓት ራሱን አይችልም፤ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ሆኖ ከሥር ባሉት የባሕር ዛፍ ድጋፎች ላይ ያርፋል። ላዩ ላይ ሠራተኞች፣ ጋሪና ቫይብሬተር አሉ። ድጋፉን በግምት የሚተክል ሰው የሚቀልደው በሰው ነፍስ ነው።

ሶሌታው ከደረቀ በኋላም ያው አደጋ አለ። የመኖሪያ ቤት ወለል ከራሱ ክብደት ሌላ የሚሸከመው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ተብሎ ነው የሚነደፈው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የአሸዋ ክምር በካሬ ሜትር 1,500 ኪሎ ነው። አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ቢደራረብ 500 ኪሎ በሲሶ ካሬ ሜትር ላይ አረፈ ማለት ነው። ጣራ ላይ የምትሰቅሉት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። አዲስ በተሞላ ሶሌታ ላይ አሸዋና ብሎኬት እየቆለሉ ወደ ላይ መሥራት በየሰፈሩ የምናየው ነገር ነው፤ ይህን ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ዕቃውን በትኑት፤ ከመካከል ይልቅ ወደ ቢምና ወደ ኮለን አስጠጉት፤ ከሁሉ በፊት ግን ኪሎውን አስሉት።

ክብደት ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለቴም አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ዓባይን የሚያቆመው በክብደቱ ነው። ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት አለበት፤ በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ብንይዘው ከ24 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። እንዲህ ባለ ግድብ ሥራ ላይ የእያንዳንዱ ንብርብር እፍግታ እየተለካ ነው የሚታለፈው። አየር የያዘ ንብርብር ይዘቱ ሙሉ ሆኖ ክብደቱ ይጎድላልና፣ የጎደለው ክብደት ደግሞ ግድቡ ውኃውን ከሚቋቋምበት ጉልበት ላይ የተቀነሰ ነው።

ይህንኑ ፈተና በትንሹ በእናንተም ሳይት ማድረግ ይቻላል። ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰደው ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ኩብ 3.375 ሊትር ነው፤ በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ 8.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ ላቦራቶሪ ከመሄዱ በፊት መዝኑት። 7.7 ኪሎ ከሆነ መቶ እጅ አምስት ያህል ክብደት አጥቷል፤ ምናልባት ጠጠሩ ቀሊል ዓይነት ነው፤ ጠጠሩ የተለመደው ከሆነ ግን ወይ በውስጡ አየር ቀርቷል፣ ወይ ውኃ በዝቶበታል። በአርማታ ውስጥ የቀረ አንድ በመቶ አየር ጥንካሬውን አምስት በመቶ ያህል ይቀንሰዋል።

በአርማታ ፋብሪካዎች ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጠጠሩ በሚዛን ነው የሚገባው፤ ሳጥን እዚያ የለም። በትንንሽ ሳይቶቻችን ሳጥኑ ገና ብዙ ዘመን እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ አትጣሉት። ነገር ግን ቤት የምታሠሩም፣ የምትሠሩም፣ ከሚቀጥለው ሙሌት በፊት አንድ ሚዛን ተዋሱ። ሳጥኑን ባዶውን መዝኑት። አሸዋ ሞልታችሁ ላዩን ላጉና መዝኑት፤ ጠጠርም እንዲሁ። ያገኛችሁትን ኪሎ፣ አሸዋው ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑን ጨምራችሁ፣ በሳጥኑ ጎን ላይ በቀለም ጻፉ። ዝናብ ዘንቦ ካደረ ደግሞ እንደገና መዝኑ።